ቀኑን ሙሉ እሳት ላይ ነበር

ባለፈው ወር አትላንታ አጠገብ ደንዉዲ ያለው መሥሪያ ቤታችን ውስጥ ስጦታ ተለዋወጥን። በዕጣ የደረሰኝን ካርቶን ስከፍተው ስሎው ኩከር ሆኖ አገኘሁት። ጠዋት ሥጋውን ወይም ዓሣውን ጨምረውበት ሲወጡ፣ ማታ ራት አብስሎ የሚጠብቅ የኤሌክትሪክ ድስት ነው። ባልደረቦቼ "ዕድለኛ ነህ" አሉኝ። አመስግኜ ተቀበልኩ፤ መኪናዬ ላይ ጭኜው ሄድኩ፤ ቤት ግን ላስገባው አልቻልኩም። በማግስቱ ቢሯችንን ለምታጸዳው ሴትዮ ሰጠኋት። ባለቤቴ ስትሰማ ተቆጣች። "ሁለታችንም እየሠራን፣ ልጅ እያለን፣ እንዲህ ያለ ዕቃ ለሰው ይሰጣል?" አለችኝ። እውነቷን ነው። ምክንያቱ ግን ባንድ ትንፋሽ የሚነገር ስላልሆነ ያን ቀን አልነገርኳትም። አሁን እሱን ልንገራት ብዬ ነው የተቀመጥኩት።

ነገሩ የሆነው በፈረንጆች 2014፣ በአትላንታ በጋ፣ ኦገስት ላይ ነው። ሃያ ዓመቴ ነበር። ዶራቪል ውስጥ ከቡፎርድ ሀይዌይ ትንሽ ገባ ብሎ ባለ አፓርትመንት ከአባቴና ከእናቴ ጋር እኖር ነበር። እንኖር ነበር ከማለት እንተላለፍ ነበር ማለት ይቀላል። አባቴ ዳውንታውን የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ስለሚሠራ ጎህ ሳይቀድ ይወጣል። እናቴ በአንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ቆማ ትውላለች። እኔ ጠዋት ኮሌጅ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሰፈራችን ባለ የእስያ ግሮሰሪ ውስጥ ዓሣ እሸጣለሁ። ራታችንን እያንዳንዳችን በየሰዓታችን፣ ከማይክሮዌቭ እያወጣን፣ ቆመን ነበር የምንበላው።

በዚያ ዓመት እናቴ በአርባ ሦስት ዓመቷ አረገዘች። ከእኔ በኋላ ልጅ ሳታገኝ ሃያ ዓመት ሞልቷት ስለነበር ቤተ ክርስቲያን ምስክርነት ሰጥታ እልል ተባለላት። ሐኪሟ ግን እልል አላለም። ደም ግፊቷ ከፍ ብሏል፤ እንዳትደክም፣ ውሃ እንዳያንሳት፣ ትንሽ እንኳ ካመማት ሳትውል ሳታድር እንድትመጣ አስጠነቀቃት። "የሚቀጥሉት አሥር ሳምንታት ወሳኝ ናቸው" አላት። እሷም ማስጠንቀቂያውን የፍሪጅ በር ላይ ለጥፋ ሥራዋን ቀጠለች። እናቴን ከሥራ የሚያስቀር ሐኪም ገና አልተወለደም።

የአባቴ ታላቅ እህት እትዬ የሺ ሊያርሷት ከአዲስ አበባ የመጡት ያን ጊዜ ነው። ለገንፎ የሚሆን የገብስ ዱቄት በሁለት ሻንጣ ጭነው፣ መውለጃዋ ሁለት ወር ተኩል ሲቀረው ደረሱ። ጸሎተኛ፣ ዝምተኛ፣ ለሰው ሸክም መሆንን እንደ ኃጢአት የሚቆጥሩ ሴት ነበሩ። አንድ አመል ብቻ ነበረቻቸው፤ ከቤት ሲወጡ የሚነቀለውን ሁሉ ይነቅላሉ። ኮልፌ ጎረቤታቸው የነበረ ቤት በኤሌክትሪክ ምድጃ ምክንያት ሲቃጠል በዓይናቸው አይተዋል። መብራት ሄዶ ሲመጣም ዕቃ እንደሚያቃጥል ያውቃሉ። ስለዚህ ቴሌቪዥኑ ይነቀላል፣ ቻርጀሩ ይነቀላል፣ ኤሲው ይጠፋል። አንድ ቀን ፍሪጁን ነቅለው ሄደው አይስክሬሙ ሾርባ ሆኖ ጠበቀን። አባቴ "እትዬ፣ እዚህ አገር እኮ መብራት አይሄድም" ሲላቸው፣ "እሳት አገር አይመርጥም" ይሉታል። እኛም እንስቃለን።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ እናቴ መኪና ውስጥ ዓሣ አማረኝ አለች። መረቅ ያለው፣ ሎሚ የተጨመቀበት ዓሣ። የነፍሰ ጡር አምሮት ደግሞ በእኛ ዘንድ ቀልድ አይደለም። እትዬ የሺ ከኋላ ወንበር "ቶሎ ይፈለግላት፣ ሕፃኑ ላይ ምልክት ይወጣል" አሉና፣ ወዲያው እንደ አማኝ ሰው አፍረው "እንዲያው የድሮ ሰው የሚለው ነው እንጂ" ብለው አስተካከሉ። ዓሣ ሻጩ እኔ ነኝ። "ሐሙስ ራት በእኔ ነው! አራታችንም አንድ ላይ ተቀምጠን ነው የምንበላው" ብዬ ፎከርኩ። እናቴ ዞር ብላ አየችኝ። ያን ዓይነት ደስታ ፊቷ ላይ ካየሁ ሰንብቼ ነበር።

ያን ጊዜ ቤታችን የነበረውን ስሎው ኩከር ለእናቴ ከሥራ ጓደኞቿ አንዷ ሰጥታት ቁም ሳጥን ላይ አቧራ ይጠጣ ነበር። አሠራሩን ከስልኬ አገኘሁ፤ ጊዜ ለሌለው ቤተሰብ የሚሆን ቀላል የባሕር ምግብ ይላል። ድንች፣ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ነጭ ዓሣ፣ ሽሪምፕና ሸርጣን። ዓሣውና ሽሪምፑ ግን በመጨረሻው ሰዓት ይጨመር ይላል። በመጨረሻው ሰዓት ማን ቤት ይኖራል? ሁሉንም ሐሙስ ጠዋት አንድ ላይ ከተትኩት። የመጀመሪያው ጥፋት የእኔ ነው፤ የሌላውን ከማውራቴ በፊት ይሄ ይታወቅልኝ።

እትዬ የሺ ድስቱ ውስጥ አጎንብሰው አዩና፣ "ይሄ ትል የመሰለው ምንድን ነው?" አሉኝ።

"ሽሪምፕ ነው እትዬ። ይጣፍጣል።"

"ኢየሱስ ያነጻው ርኩስ አይባልም" አሉ፤ ፊታቸው ግን እንደ አፋቸው አላመነም።

ድስቱን ማይክሮዌቩ ከተሰካበት ኤክስቴንሽን ላይ ሰክቼ ሙቀቱን ዝቅተኛው ላይ አደረግኩት። እትዬን የቤተ ክርስቲያን እህቶች ለጸሎት ፕሮግራም ሊወስዷቸው እንደሚመጡ አውቅ ነበር። ሲወጡ ይህን እንዳይነቅሉ ልነግራቸው ወደ ክፍላቸው ሄድኩ። በሩ ተዘግቷል፤ ከውስጥ የጸሎት ድምፅ ይሰማል። የሚጸልይ ሰው ማቋረጥ ነውር መሰለኝና፣ ይሄማ ድስት መሆኑ ያስታውቃል ብዬ ወጣሁ።

የዚያን ቀን ሙቀት ዛሬም ቆዳዬ ላይ አለ። ዛፎቹ ላይ ያሉት ነፍሳት ከጠዋት ጀምሮ ይጮሃሉ። ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቆረ፤ ነጎድጓድ ከሩቅ ይሰማል፣ ዝናብ ግን የለም። ግሮሰሪው ውስጥ በረዶ ላይ የተደረደሩትን ዓሦች አገላብጥ ነበር። አለቃዬ አንድ ሽማግሌ ኮሪያዊ ነበር። የመጀመሪያ ቀን ያስተማረኝ አንድ ነገር ነው፦ ከበረዶ ወጥቶ ሁለት ሰዓት ያለፈው ዓሣ ይጣላል። "ቢፈላስ?" ብዬ ስጠይቀው፣ "እሳት ተሐዋሲውን ይገድላል፤ ተሐዋሲው የተወውን መርዝ አይገድልም" አለኝ። ይህን እያወቅኩ ነው እንግዲህ ያደረግኩትን ያደረግኩት።

ወደ ማታ ግድም ቤት ስገባ ኤሲው እያጓራ ነው። ቤቱ ግን እንደ ምድጃ ይጋያል፤ ቀኑን ሙሉ ጠፍቶ ውሎ ገና መነሣቱ ነበር። እትዬ የሺ ሶፋው ጫፍ ላይ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ዘግተው ታቅፈው ተቀምጠዋል። ወጥ ቤት ገባሁ። ማይክሮዌቩ ሲነቀልና ሲሰካ ሰዓቱን ከዜሮ ነው የሚጀምረው፤ ጠዋት ትክክለኛውን ሰዓት ሞልቼለት ነበር። አሁን ሃምሳ ደቂቃ ይላል። ቆሜ አየሁት። አንድ ኤክስቴንሽን ላይ ስለሆኑ ድስቱም ከተሰካ ሃምሳ ደቂቃው ነው ማለት ነው። ከዚያ በፊት፣ እሳቸው ጠዋት ከወጡ ጀምሮ፣ በዚያ ሙቀት ጥሬ ዓሣ ታፍኖ ነው የዋለው። የድስቱ ሙቀት ቁልፍም ከፍተኛው ላይ ተደርጓል። የጠፋውን ሰዓት በሙቀት ሊያካክሱት አስበዋል፣ ምስኪን።

ክዳኑን ከፈትኩ። ለብ ብሏል። ማታ ማታ ከመዝጋታችን በፊት የምናጥበው የግሮሰሪያችን የዓሣ ባልዲ ሽታ፣ ከሽንኩርቱ ሥር ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ መጣብኝ።

"እትዬ፣ እንዴት ዋሉ?" አልኩ ከወጥ ቤት ሳልወጣ።

"እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።" ከዚያ፣ "ናቲዬ፣ ይሄ ነገር ይደርሳል ብለህ ነው?"

"ይደርሳል።"

"ካልደረሰ እኔ ሽሮ ቢጤ ጣል ላድርግ። እናትህ ደክማ ነው የምትመጣው። ዓሣውን ሌላ ቀን ትሠራዋለህ።"

እትዬ የሺ የመውጫ በር እየከፈቱልኝ ነበር። ነቅያለሁ ማለት አልቻሉም፤ በሰው ቤት፣ በሰው አገር፣ የልጁን ድስት አበላሹ መባል ሞት ነው ለእሳቸው። እኔም ገብቶኛል። "እሺ እትዬ፣ ይጣል" ብል ያበቃ ነበር። ግን ሦስት ቀን ሙሉ ፎክሬያለሁ። አባቴ ፈረቃ ቀይሮ ሊመጣ ነው። ማይክሮዌቩን አየሁ ብላቸው ደግሞ ሊያፍሩብኝ ነው፤ እንዴት አንድ አሮጊት አሳፍራለሁ? እንዲህ እያልኩ ፍርሃቴን ጨዋነት አስመሰልኩት።

"ኧረ እትዬ፣ ዛሬ እኔ ነኝ ብዬ የለ?" አልኩና ሦስት ሎሚ ጨመቅኩበት። ሚጥሚጣም ነሰነስኩ፤ ሽታው ጠፋ።

እናቴ እግሯ አብጦ ገባች። "ውይ ሽታው!" አለች፤ ክዳኑን ልከድን ተንደረደርኩ። "ሎሚ ሎሚ ይላል!" አባቴም እጁን እየታጠበ "ወንድ ልጅ ወለድኩ ስል ለካ ሼፍ ነው የወለድኩት" ብሎ ሳቀ። ጠረጴዛው ዙሪያ ተቀመጥን። ውጭ ነጎድጓዱ ቀርቧል፤ መስኮቱ ይንቀጠቀጣል። እትዬ የሺ ማዕዱን ሲባርኩ እንደዚያ ቀን አርዝመው ጸልየው አያውቁም። "የሚገድል ነገር እንኳ ቢሆን አይጎዳንም" የሚለው ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ተቆረጠ። አሜን ብለው ሲጨርሱ "እኔ ጾም ላይ ነኝ፣ እናንተ ብሉ" አሉና እጃቸውን ጭናቸው ላይ አደረጉ።

እኔ እናቴን አያለሁ። የመጀመሪያውን ጎረሰች። ማላመጧን አቆመች፤ ለዓይን ጥቅሻ ያህል ብቻ። ከዚያ ዋጠችና "እጅህ ይባረክ" አለችኝ። ሁለተኛ ጎረሰች። ያን ጊዜ እትዬ የሺ ድንገት ሳህን ሳቡ። "ጾሙን እፈታለሁ" አሉ። ጨልፈው፣ እንደገና ጨልፈው፣ ከሁላችንም የበለጠ በሉ። አንገታቸውን ደፍተው፣ ሳያጣጥሙ፣ እንደ መድኃኒት። ትል የመሰለውን ሁሉ በሉ። እኔም በላሁ። ምን ምርጫ ነበረኝ?

ጎህ ሲቀድ አባቴ በሬን ደበደበ። ሁላችንም አሞናል፤ እትዬ የሺ መታጠቢያ ቤት ውኃ ከፍተው ድምፃቸውን እየደበቁ ያስመልሱ ነበር። እናቴ ግን መቆም አልቻለችም። ከንፈሯ ደርቆ ነጭ ሆኗል፤ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ "እየጨመደደኝ ነው፣ ሆዴ ድንጋይ ሆነ" ትላለች። አባቴ ሁላችንንም ጭኖ ወደ ሆስፒታል ነዳ።

ሆስፒታል ውስጥ ሐኪሙ አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ። ምግቡን የሠራሁት እኔ መሆኔን አባቴ ነግሮት ነበር። "ሳይበስል ውጭ የቆየበት ጊዜ አለ?" አለኝ። እትዬ የሺ አጠገቤ ቆመዋል። እንግሊዝኛ አይሰሙም፤ ፊቴን ግን ያነብባሉ።

"የለም" አልኩት። "ቀኑን ሙሉ እሳት ላይ ነበር።"

"እንግዲያው ምግቡ ላይሆን ይችላል" አለና ሌላ ምክንያት ፍለጋ ገባ። ደም ተወሰደ፣ ምርመራ ታዘዘ፣ ግማሽ ቀን ሄደ። ያ ግማሽ ቀን ለውጥ ያመጣ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እኔ የደበቅኩት ደግሞ የራሴን በሽታ አልነበረም።

"ምን አለህ?" አሉኝ እትዬ።

"ውጭ ቆይቶ ነበር ወይ አለኝ።"

"ምን አልከው?"

"ቀኑን ሙሉ እሳት ላይ ነበር አልኩት።"

ዓይናቸው እንባ ሞላና ግንባሬን ሳሙኝ። "ተባረክ፣ የወንድሜ ልጅ" አሉ። "እግዚአብሔር ገመናህን ይሸፍንልህ።" እሳቸውን የሸፈንኩ መስሏቸው ነበር። እኔ ግን የሸፈንኩት ሎሚ ጨማቂውን ነው፤ እያወቀ ገበታ ያቀረበውን። ብዙ ሰው ረግሞኝ ያውቃል፣ መኪና ስነዳ ጭምር። እንደዚያ ምርቃት ያቃጠለኝ እርግማን ግን የለም።

ሕፃኗ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ተወለደች። ገና በሰባት ወሯ ነበር። መስታወት ውስጥ አስገብተው ቱቦ ሰኩላት፤ የአባቴ መዳፍ ታክላለች። ለሰባት ሳምንት ያህል በየቀኑ ትኖር ይሆን አትኖር ይሆን እያልን ወጣን ገባን። እትዬ የሺ ወለሉ ላይ ተንበርክከው ይጸልያሉ፣ ከዚያ ተነሥተው ለእናቴ ገንፎ ያገነፋሉ። በእነዚያ ሳምንታት ከቤት ሲወጡ አንድም ሶኬት አልነኩም፤ መብራቱ ሁሉ በርቶ ይውላል። ቃል አልተነፈስንም፣ እሳቸውም እኔም። ሄራን ብለው ስም ያወጡላት እሳቸው ናቸው። ኖረች፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ኖረች።

አገራቸው ከተመለሱ በኋላ በየሳምንቱ በቫይበር ይደውሉ ነበር። "ሄራን ትሰማለች? ዳዴ ጀመረች? ጥርስ አወጣች? ትምህርት ይገባታል?" አባቴ "እትዬ እኮ ልጅቷን እንደ ሐኪም ነው የሚከታተሏት" እያለ ይስቃል። እኔ አልስቅም ነበር። ስልኩ ወደ እኔ ሲዞር "አንተስ ደህና ነህ?" ይሉኛል፤ "ደህና ነኝ" እላለሁ፤ ከዚያ ስልኩን ለአባቴ አቀብላለሁ። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ መነጋገር ነበረብን። እኛ አሥር ዓመት አደረቅነው።

አምና እትዬ የሺ አረፉ። ወላጆቼ ቤት ለቅሶ ተቀመጥን፤ የቤተ ክርስቲያን ሰው ምግብ እያመጣ ሦስት ቀን ሞላ። በሦስተኛው ቀን እናቴ ወጥ ቤት ብርጭቆ ስታጥብ አጠገቧ ቆሜ ሁሉንም ነገርኳት። ማይክሮዌቩን፣ ሽታውን፣ ሎሚውን፣ ለሐኪሙ የተናገርኩትን። እጇ ከውኃው ውስጥ አልወጣም።

"አውቃለሁ" አለች።

"እትዬ ነገሩሽ?"

"እትዬማ ይዘውት ነው የሞቱት። እኔ ነኝ ያወቅኩት፣ በመጀመሪያው ጉርሻ። ሃያ ዓመት ወጥ የሠራሁ ሴት የተበላሸ ዓሣ ይጠፋኛል?"

"ታዲያ ለምን ዋጥሽው?"

"ፊት ለፊቴ ተቀምጠህ አፍ አፌን ታየኛለህ" አለች። "በሕይወትህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሠርተህልኝ። ምን ላድርግ?"

"ሁለተኛውንስ?"

"እትዬም ያዩኝ ነበር።"

መጀመሪያ የተሰማኝ ንዴት ነው፤ አልዋሽም። ሆዷ ውስጥ ያለችውን ልጅ ትታ የእኔን ፊት መጠበቋ አናደደኝ። ከዚያ ራሴን አሰብኩ። ከአባቴ በቀር በዚያ ገበታ ላይ የማያውቅ ሰው አልነበረም። ሦስት ሰዎች፣ እርስ በርስ እንዳንጎዳዳ ብለን፣ ልንናገርላት የሚገባንን አንዲቷን ሕፃን ልንገድላት ነበር። ስለ ይሉኝታ ሰዎች ሲቀልዱ እሰማለሁ፤ ባህላችን ነው፣ ጨዋነታችን ነው ይላሉ። ይሆናል። እኔ ግን ሰባት ሳምንት በመስታወት ውስጥ አይቼዋለሁ።

ባለፈው እሑድ ቤተሰቡ እኔ ቤት መጣ። ባለቤቴ ሥራ ላይ ስለነበረች ዶሮ በሩዝ የሠራሁት እኔ ነኝ። ሄራን አሁን አሥር ዓመት አልፏታል፤ ቀጭን፣ ምላሰኛ፣ ከሁላችንም ፈጥና የምትሮጥ ልጅ ናት። አንድ ማንኪያ ቀመሰችና ማንኪያዋን አስቀመጠች።

"ኖ ኦፌንስ ናቲ፣ እንዳትቀየመኝ፣ ግን ይሄ ያስጠላል።"

"ሄራን!" አለች እናቴ። "ነውር አይደለም? ወንድምሽ ደክሞ ሠርቶ!"

"ሶ? ታዲያ ያስጠላላ!"

አባቴ ሳቁን በናፕኪን ደበቀ። እናቴ ግማሹን ሳህን በልታ ነበር። ማንኪያዋ ሌላ ጉርሻ እንደያዘ መንገድ ላይ ቆመ። ቀና ብላ አየችኝ፤ እኔም አየኋት። እንደዚያን ቀን አፍ አፏን ነበር የማያት፤ የምጠብቀው ግን ሌላ ነገር ነበር። ማንኪያውን ቀስ ብላ ሳህኑ ላይ መለሰችው።

"ጨው በዝቶበታል" አለች።

ተነሥቼ ሳህኗን አነሣሁላት።